ማስተካከያ፦ የምትዘል ጀልባ ሞተር ወደ ውስጥ ነው የሚጠጋው

ሐይቅ ላይ ትናንሽ የሞተር ጀልባ ለሚነዱ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ባወጣነው ጽሑፍ፣ ስትፈጥን አፍንጫዋ ከፍ ዝቅ እያለ የምታስቸግር ጀልባ «ሞተሯ ወደ ውጭ ይገፋ፣ ጭነቷ ወደ ኋላ ይሂድ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለቱም ዝላዩን ያብሱታል።

ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ዝላዩ ሲጀምር መጀመሪያ ነዳጅ መቀነስ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የማዘንበያውን ፒን (የሞተሩን ዘንበል የሚወስነውን ዘንግ) መንቀልና ወደ ጀልባዋ አንድ ቀዳዳ አስጠግቶ መክተት፤ ያኔ ግፊቱ ኋላዋን አንስቶ አፍንጫዋን ያወርዳል። 25 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 18 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጀሪካኑን ወደ ፊት ማዛወርም ብዙ ይረዳል። ግን አይብዛ፦ አፍንጫዋ ውኃ ውስጥ ከተቀበረ ጀልባዋ ድንገት ወደ ጎን ትጠመዘዛለች።

ካልበቃ ጀልባዋን ገልብጦ፣ ከኋላ ጫፏ ጀምሮ 1.5 ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ሆዷ ላይ በቁመት ማጋደም። ቱቦላሬው መሃል ላይ ነክቶ በጫፎቹ ሥር ብርሃን ከታየ ሆዷ አብጧል። ጥቂት ሚሊ ሜትር እብጠት እንኳ ያዘልላታል፤ ይህን ፒን አያድነውም፣ ሆዷ ራሱ መስተካከል አለበት።