ያልዳነ ሰው የሌለበት መጽሐፍ

ፍልሰታ ነው፣ ነሐሴ ገባ ብሎ ዝናቡ እንደ ጉድ የሚወርድበት ሰሞን። ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤት ልንል ስንል ዶፉ ያዘንና ጎንደር ፒያሳ አንዲት ቡና ቤት ገብተን ተጠለልን። ጾም ስለሆነ ቡናና ቆሎ ብቻ። አራት ነን፤ አንዱ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ አንዷ ነርስ ናት፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረን ያደግን፤ አንደኛው መሪጌታ ናቸው፣ እና እኔ። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቴ የሆነ የፕሮቴስታንት ልጅ እሱም ዝናብ ሸሽቶ ገባና አምስት ሆንን።

ነገሩ የተጀመረው ነርሷ ከቦርሳዋ መጽሐፍ ስታወጣ ነው። መንፈሳዊ ልብ ወለድ ይላል። ሽፋኑ ላይ ሻማ አለ፣ መስቀል አለ፣ ነጠላ የለበሰች ጀርባዋን የሰጠች ልጅ አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ብቻ አዩና «አንቺ ልጅ፣ መጨረሻውን ልንገርሽ?» አሏት።

«አንብበውታል እንዴ ጋሼ?»

«አላነበብኩትም።» ከዛ አንድ በአንድ ቆጠሩላት፤ ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያን ትርቃለች፣ ትልቅ ከተማ ገብታ ትበላሻለች፣ ትታመማለች፣ ሐኪም ተስፋ ይቆርጣል፣ አንዲት ደግ አሮጊት ጠበል ይዘዋት ይሄዳሉ፣ በሰባተኛው ቀን ትድናለች፣ እዛው የተዋወቀችውን ዲያቆን ታገባለች። ነርሷ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «በአስራ አራተኛው ቀን ነው የዳነችው» አለች።

ግን እጅ አልሰጠችም። «ጋሼ እርስዎ እኮ ቀን ቀን ነው የሚያነቡት፣ እኔ ሌሊት ተረኛ ስሆን ነው የማነበው፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ፣ ምን አይቼ ተነስቼ እንደምቀመጥ ቢያውቁ ሰው የሚድንበት ታሪክ ባነብ አይፈርዱብኝም» አለቻቸው። ይሄን ስትል ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። ጋሼም ቀዝቀዝ አሉ፣ «አልፈርድም ልጄ፣ ግን ደራሲው ገና ብዕር ሲያነሳ እንደምትድን ካወቀ፣ አንቺም ሽፋኑን አይተሽ ካወቅሽ፣ ያን ሁሉ ገጽ ለምን አብራችሁ ለፋችሁ? እኔ የሚያናድደኝ እምነቱ አይደለም፣ እምነቱ ምንም ሳይፈተን ማለፉ ነው።»

መሪጌታ ደሞ ሌላ ፀብ አላቸው። እሳቸው የሚሉት መጀመሪያውኑ መንፈሳዊ ነገር በልብ ወለድ ለምን ይጻፋል ነው። «ገድል አለን፣ ድርሳን አለን፣ ስንክሳር አለን፣ ተአምረ ማርያም አለን፤ ያልነበረች ሴት ፈጥሮ፣ ያልተደረገ ተአምር አድርጎ፣ ይሄ ነገር ምን ይባላል?» አሉ። እውነት ለመናገር ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ እኔም ቆም ብዬ አሰብኩበት፣ ምክንያቱም ደራሲው በራሱ እጅ የፈጠረውን ፈውስ አንባቢው እንደ ምስክርነት ነው የሚወስደው። ቴሌግራም ላይ እኮ እንደዚህ አይነት መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሲዞር ልብ ወለድ የሚለው ቃል ይወጣና «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ነው የሚመጣው።

ጋሼ ግን ለሱም መልስ አላቸው። «ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጡ ሰው አይደሉም? ‹ወዳጄ ልቤ›ን በ1915 ዓ.ም. ሲያወጡ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ሲነጋገር አይደል የጻፉት? ማን ከለከላቸው?» መሪጌታ «እሳቸውማ ሊቅ ናቸው» ብለው ሊያልፉት ሲሉ ጋሼ አልለቀቁም፣ «‹ፍቅር እስከ መቃብር›ስ? በ1958 ነው የወጣው፣ በዛብህን አስታውሱት፣ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፣ በሰው ስለት ታስሮ፣ በራሱ ፍቅር ተይዞ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ ከሁለቱ አንዱን ቆርጠው አልጣሉለትም። ስለ እምነት የተጻፈ መጽሐፍ ማለት ለኔ እሱ ነው፣ ሽፋኑ ላይ መስቀል ባይኖርም።» መሪጌታ ዝም አሉ፣ የተስማሙ ግን አይመስለኝም፣ ስኒያቸውን ነው ያዞሩት።

ይሄኔ ነው የፕሮቴስታንቱ ልጅ የገባበት፣ እስካሁን ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። «እኛ ጋር ያለው ደሞ ሌላ ነው» አለ። እነሱ ጋር ልብ ወለዱ ትንሽ ነው፣ የሚበዛው ትርጉም ነው፣ በዚህን ያህል እርምጃ በረከትህን ተቀበል ምናምን የሚል። «አንዱን ገዝቼ ሳነብ ሰውየው ምሳሌ የሚሰጠኝ ስለ ቤት ብድር ነው፣ በየወሩ ለባንክ ስትከፍል እግዚአብሔር እንዴት እንደሚያቀልልህ፣ እኔ ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ማንም ብድር አልሰጠኝም። ለኔ አልተጻፈም ማለት ነው፣ ተርጓሚውም ይሄ መጽሐፍ ጎንደር ላይ ሲነበብ ምን ይሆናል ብሎ አላሰበም።»

ከዛ የሚወደውን ተናገረ፣ የጆን ባንያንን የመንገደኛ ታሪክ፣ በፈረንጅ 1678 የታተመውን፣ ሰውየው ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ ታስሮ እስር ቤት እያለ የጀመረውን። እሱ ያለው ነገር እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ «እዛ መጽሐፍ ላይ መንገደኛው የተሸከመው ሸክም መስቀሉ ጋ ሲደርስ ይወድቅለታል፣ ግን ይሄ የሚሆነው ገና መጀመሪያው አካባቢ ነው። ዛሬ የሚጻፉት ቢሆን እዛ ላይ ያልቁ ነበር። ባንያን ግን አይጨርስም፣ ሸክሙ ከወደቀለት በኋላ ነው ሰውየው የጥርጥር ግንብ ውስጥ የሚታሰረው፣ ተስፋ መቁረጥ የሚባል ግዙፍ እየደበደበው።» ግንብ ሲል ሁላችንም ሳናስበው በመስኮቱ ወደ ፋሲል ግቢ ነው ያየነው።

ነርሷ ግን ለሱም አልተመለሰችም፣ «በመጨረሻ ይደርሳል አይደል?» አለችው። ይደርሳል። «ኢዮብስ? በመጨረሻ ሁሉ ነገር እጥፍ ሆኖ አልተመለሰለትም?» ልጁም «አዎ፣ 42ኛው ምዕራፍ፣ ሰባት ሺህ የነበረው በግ አስራ አራት ሺህ ሆነ» አለ። «በቃ እኮ!» ብላ ልታሸንፍ ስትል ራሷ ቆመች። ቆማ አሰበችና፣ «ልጆቹስ?» አለች። ልጁም ቀስ ብሎ፣ «ልጆቹ እንደ በፊቱ አስር ናቸው፣ ሰባት ወንድ ሦስት ሴት፣ ሌሎች ልጆች» አላት። «የመጀመሪያዎቹስ?» ማንም አልመለሰላትም። ልጅ የሞተባት እናት አጠገብ ስንት ሌሊት የቆመች ሰው ናት፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባን።

የሚገርመው መሪጌታ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት፣ ሊቆጡ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጥሩ ጠየቅሽ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ሰምተሽ የለ? መምህሩ አንድም እያሉ ስንት መንገድ አወጡ? ትርጓሜው ራሱ እኮ ‹ስለምን ቢሉ› እያለ ነው የሚሄደው። ስለምን ቢሉ ማለት ጠያቂ አለ ማለት ነው። እዚሁ ጎንደር ‹ላይ ቤት›፣ ‹ታች ቤት› ተብሎ ሊቃውንቱ በትርጓሜ የተለያዩት፣ የትርጓሜው ሊቅ መምህር ኤስድሮስ ያን ያህል የደከሙት፣ ጥያቄ ነውር ቢሆን ነው?» አሉ። ከዛም የበላዔ ሰብእን ነገር አነሱ፣ 78 ሰው የበላውን፣ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ምሕረት ያገኘውን። «ተአምሩን የጻፈው ሰው መብላቱን ደብቆ ክፉ ሰው ነበር ብሎ ብቻ ማለፍ ይችል ነበር። አልደበቀም፣ ቁጥሩን ነው የጻፈልን።»

ጋሼ በዚህ በጣም ደስ አላቸው፣ ጠረጴዛውን ሁሉ መቱ። «መሪጌታ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይሄንኑ አይደል?»

አሁን ደሞ ነርሷ ያልጠበቅነውን አመጣች። ሌላ መጽሐፍ አንብባ ነበር፣ ይሄኛውን አይደለም፣ እዛ ላይ የቲቢ በሽተኛ የሆነው ልጅ ኪኒኑን ወንዝ ውስጥ ይጥልና ጠበል ብቻ ተጠምቆ ይድናል። «እሱን መጽሐፍ ዘግቼ ወረወርኩት» አለች። የቲቢ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ወስዶ ሲሻለው ያቆማል፣ ከዛ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ሌላ ከባድ ሕክምና ነው። «አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር፣ ይሄ ደራሲ ከፓትርያርኩ በላይ አማኝ ሆኖ ነው?» መሪጌታም አንገታቸውን ነቅንቀው «ልክ ነሽ» አሏት።

እኔ እስከዛ ድረስ ብዙም አልተናገርኩም። የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ። ኩላሊቱን ታሞ ነበር፣ ጠበልም ወሰድነው ሆስፒታልም ወሰድነው፣ አልዳነም፣ አራት ዓመት አለፈው። ሊጠይቀን የመጣ አንድ ዘመድ እናቴ ፊት «በሙሉ እምነት ቢጠመቅማ ይድን ነበር» አለ። ወንድሜ እኮ ዳዊት ሳይደግም ውሎ አያውቅም። እናቴ ከዛን ቀን በኋላ ስንት ወር ሙሉ እኔ ነኝ ያልጾምኩለት፣ እኔ ነኝ ያልተሳልኩለት ስትል ኖረች። ሰውየውን ክፉ ነው አልልም፣ ከየት እንዳመጣው ግን አውቃለሁ፤ በነዚህ መጽሐፎች ላይ አምኖ ያልዳነ ሰው የለም። መቶ መጽሐፍ አንብበህ መቶውም ላይ ያመነ ሁሉ ከዳነ፣ ያልዳነ ሰው ስታይ ምን ትላለህ? ዘመዳችን ያለውን ነው የምትለው።

ወንድሜ በሐሙስ ድርሻ የሚደግመው መዝሙር አለ፣ በግእዙ ዳዊት 87ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው። ቀንና ሌሊት ጮህኩ ይላል፣ ነፍሴ መከራን ጠገበች ይላል፣ መጨረሻ ላይ ወዳጆቼንና ዘመዶቼን ከኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ዳንኩ አይልም። ግን ሲጀምር የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ነው የሚጠራው፣ እስከ መጨረሻም የሚያወራው ከሱ ጋር ነው። ይሄን ስነግራቸው መሪጌታ በግእዝ በቃላቸው ጀመሩት፣ እኛም ዝም አልን፣ ዝናቡም አባራ።

መጽሐፉን ከነርሷ ተውሼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፣ ሳላነብ መፍረድ ደስ ስላላለኝ። የኔ ፍርድ ይሄ ነው፤ ጋሼ መጨረሻውን በትክክል አውቀውታል፣ መጨረሻው ውሸት ነው፣ ሠርግ አለ፣ የጠፋው አባት ይመለሳል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ግን መሃሉ ላይ ጠበሉ ቦታ ያለው ክፍል እውነት ነው፣ የጻፈው ሰው እዛ አድሮ ያውቃል። ንጋት ላይ ያለው ብርድ አለ፣ የፕላስቲክ ጣራው፣ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሰው፣ በሶዋን ለማታውቃት ሴት የምታካፍለው ሴትዮ። እሷን ሴትዮ በጣም ነው የወደድኳት፣ የማይናገር ልጇን ይዛ ሦስት ዓመት እዛ የኖረች፣ በየጠዋቱ ለሌላው ሰው ሁሉ ጀሪካን የምትይዝ፣ ልጄ ዛሬ ካልሆነ ነገ የምትል፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ የምታለቅስ። ደራሲው እሷን ቢከተል ኖሮ ጋሼም ባላፌዙበት ነበር፣ መሪጌታም ልብ ወለድ ነው ብለው ባልናቁት ነበር፣ እኔም ለእናቴ አነብላት ነበር። እሱ ግን ዋናዋን ልጅ ካዳነ በኋላ ከሷ ጋር ከተማ ገባ።

መጽሐፉን ስመልስላት ለነርሷ ስለዛች ሴትዮ ጠየቅኳት፣ ወዲያው አስታወሰቻት። «በሶ የሰጠቻት አይደለች? ውይ፣ ልጇ ግን ምን ሆነ?» አለችኝ። እዛው ደጃፉ ላይ ቆመን ከኋላ ጀምረን ገጽ በገጽ ገለጥን። የለም።