ኪሱ የጎደለ መራጭና በሩ ላይ የቆመ ስደተኛ

የአሜሪካ ምርጫ ውጤት በተሰማ ሰሞን፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እዚህ ባሕር ዳር በየቡና መጠጫው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ራሱ ስደተኛ የነበረ ሰው ስደተኛን አባርራለሁ ለሚል ዕጩ እንዴት ድምፁን ይሰጣል? ጥያቄው ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዲቪ ፎርም ለማስሞላት ፎቶውን ይዞ በየኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ የሚሰለፈው ወጣትም ሆነ በመተማ በኩል የወጣ ልጁን ድምፅ የሚጠባበቀው ወላጅ በዚያ ምርጫ ውስጥ የራሱ ዕጣ ነበረው።

ሚኒሶታ የሚኖረውና ዜግነት ያገኘው የአክስቴ ልጅ ዶናልድ ትራምፕን እንደ መረጠ በስልክ ሲነግረኝ አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ምክንያቱን ስጠይቀው ግን ስለ ድንበር አንድም ቃል አላነሳም። የቤት ኪራዩን፣ የእንቁላሉን ዋጋ፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፤ ቀንም ሌሊትም እየሠራ ከአራት ዓመት በፊት ይልክ የነበረውን ያህል ለእናቱ መላክ እንዳቃተው ነገረኝ።

ንግግሩን ደጋግሜ ሳስበው ሐሰት አላገኘሁበትም። በአሜሪካ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ይህም በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው። በምርጫው ሰሞን ከ3 በመቶ በታች ስለወረደ የጆ ባይደን መንግሥት ኢኮኖሚው አገግሟል ይል ነበር። ሆኖም ንረቱ ረገበ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት እንዳልሆነ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይትና ሳሙና የምትሸምት እናት የዘንድሮው ጭማሪ ከአምናው ያነሰ ነው ቢሏት ምን ይጠቅማታል? የአምናው ጭማሪ አሁንም እዚያው ዘንቢሏ ውስጥ ነው። መራጭ የሚያነጻጽረው የመቶኛ ስሌትን ሳይሆን ድሮ በዚያው ገንዘብ ገዝቶ ይገባ የነበረውን ነው።

በእኔ እምነት ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ችግር በሥልጣን ላይ ያለውን ይጥላል፤ የወደቀው ድምፅ ማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1966 ጀምሮ ቦትስዋናን የመራው ፓርቲ የአልማዝ ገበያው በተቀዛቀዘበት ዓመት ሥልጣኑን አጣ። በደቡብ አፍሪካ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ወደ 40 በመቶ ወርዶ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ፤ በብሪታንያ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ከ14 ዓመት በኋላ ተሸነፉ። የብሪታንያ ሕዝብ ያነገሠው ግራ ዘመሙን ሌበር ፓርቲን ነው፤ ስለዚህ የተራበ ሁሉ ቀኝ አክራሪ ይሆናል የሚለው አባባል አያስኬድም።

ስደት ወደ ምርጫው የሚገባው ለችግሩ ባለቤት ሲፈለግለት ነው። የዋጋ ንረት ፊት የለውም፤ ጎረቤት ቤት የተከራየ ባዕድ ግን ፊት አለው። ይሁንና ስደተኛ በበዛበት ሁሉ ጥላቻ ይበዛል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላባት ለንደን ወደ 60 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ በኅብረቱ ውስጥ እንቆይ አለች። ቦስተን የተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ የእርሻ ከተማ ግን 75.6 በመቶ እንውጣ አለች። እዚያ ከ2004 ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአትክልት እርሻው ሥራ ብዙ ምሥራቅ አውሮፓውያን ገብተው ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠው የለውጡ ፍጥነት ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የምሥራቅ ጀርመን ነገር ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ስትዋሐድ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ወጣቱ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ነጎዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አማራጭ ለጀርመን የተባለው ፀረ ስደተኛ ፓርቲ በዚያው በምሥራቁ፣ ቱሪንጂያ በተባለው ክፍለ ግዛት፣ 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። በዚያ የውጭ ዜጎች ቁጥር ከምዕራቡ ያነሰ ነው። ታዲያ ሕዝቡ የሚፈራው ማንን ነው? እኔ እንደሚገባኝ፣ የራሱን ልጆች ሸኝቶ ባዶ ቤት የቀረ ሰው፣ መንግሥት ለእሱ ያልነበረውን ትኩረት ለእንግዳው ሲሰጥ ያየ በመሰለው ጊዜ ይቆጣል። ልጆቻቸው በሱዳንና በሳዑዲ በተበተኑባቸው የጣና ዳር መንደሮች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚያመሹትን አዛውንት ሳይ ያ ስሜት ለእኔ ባዕድ አይሆንብኝም።

በእኛም አገር "መጤ" የሚለው ቃል ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ከኖሩበት ቀዬ ተፈናቅለው በክልላችን መጠለያ የገቡት ወገኖቻችን በዚያ ቃል ተጠርተው የተባረሩ ናቸው። በራሱ አገር መጤ የተባለ ሰው ድንበር ማቋረጥ እንኳ አላስፈለገውም። ሥራና ጤፍ ሲጠፋ ይህን ቃል አንስቶ ድምፅ የሚለምን ዕጩ በየትኛውም ወገን ይነሣል፤ ዕጩን በኑሮ ጉዳይ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ጊዜና በምን ገንዘብ እንደሚሠራው አጥብቀን ልንጠይቀው የሚገባን ያን ጊዜ ነው። ወደ ሌላው ሰው ጣቱን ቀስሮ መልሱን የሚሸሽ ከሆነ ድምፃችን አይገባውም።

የአክስቴ ልጅ አንድ ታናሽ ወንድም አለው። ካርቱም ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ሸሽቶ ካምፓላ ገባ፤ ወደ አሜሪካ በስደተኝነት ለመሄድም ፋይሉ ተከፍቶለት ነበር። ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025፣ በፈረሙት ትእዛዝ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ የእሱም ፋይል ቆመ። አክስቴ አባይ ማዶ ካለው ቤቷ ደውላ ያለችኝ፣ "ልጄ፣ ለሚኒሶታው ወንድምህ እንዳትነግረው፤ እሱም እኮ ለእኔ ብሎ ነው የመረጠው" የሚል ነበር።