እንኳን ቀዳችሁ!

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ቤቴ የገባሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ነዳጅ ልቀዳ ተሰልፌ እንዳይመስላችሁ፤ መንገዴ ላይ ማደያ ስላለ ብቻ ነው። «ከነገ ጀምሮ ሊጨምር ነው» የተባለበትን ማታ ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ የማደያው ግቢ ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚው እንግዳ። ቢሆንም ላመሰግናችሁ ነው የመጣሁት። ሌላው ስለ ነዳጅ ውድነት ተቀምጦ ያማርራል፤ እናንተ ግን ትፋለሙታላችሁ፣ ሞተር እንደበራ።

ከሁሉም ከሁሉም እጅ የሚነሳለት ጎረቤቴ ነው። ወሬውን ሲሰማ ፒጃማ ለብሷል። ታንከሩ ውስጥ የጎደለው 10 ሊትር ብቻ። ለዚያች 10 ሊትር ፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ ወጣ። ሰልፉ አጭር ነው ወደተባለበት ማደያ ገሰገሰ፤ ሲደርስ አልቋል። ተመልሶ እኔን ካገተኝ ሰልፍ ጭራ ላይ ተሰካ። ለአራት ሰዓታት ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ካጠፋው ሌላ ሰው የሚገባበት ይመስለዋል። ቆሞ የሚሠራ የትንሽ መኪና ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል፤ እንግዲህ በትንሹ 2 ሊትር እዚያው ጨሰ። ጭማሪው 10 በመቶ ነው ብንል በ10 ሊትር የሚተርፈው የ1 ሊትር ዋጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው እንኳ፣ ጣለችው እንጂ አላቃጠለችውም።

ተራው ሲደርስ ደግሞ ጥበቡ ወጣ። መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲቆም «ገና ነው፣ ጨምርበት!» ይላል። ወርዶ መኪናውን በዳሌው ይወዘውዛል፤ አረፋው ወርዶ አንድ ሲኒ ቦታ ትገኝ እንደሆነ። እንደገና «ጨምርበት!»፣ እንደገና ውዝወዛ። መሙላቱን ያመነው ቤንዚኑ ገንፍሎ ነጠላ ጫማው ላይ ሲፈስ ነው። ወደ ቤት ሲመለስ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ ወረደ፤ መሪው ከብዶ፣ ፍሬኑ ደንድኖ። የዛሬ መኪኖች ማርሽ እንደገባ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ መርጨቱን ራሳቸው እንደሚያቆሙ የነገረው የለም። እኔም አልነግረውም፤ የሰው ደስታ ምን አግብቶኝ?

ከእሱ ኋላ ግን የሰው መኪና በቀን ሂሳብ የሚነዳ ሾፌር ነበር። ታንከሩ ባዶ። እሱ ጋ ሳይደርስ «አልቋል» ተባለ፤ መኪናውን ገፍቶ ዳር አስያዘ። ያልጎደለበት ሞልቶ ሄደ፣ የጎደለበት ባዶውን አደረ። ይሄ ነው ብልጠታችሁ? ጀሪካን የደረደራችሁትስ? የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ ልጆች የተኙበት አልጋ ሥር ታሳድሩታላችሁ! አይ፣ ይሄስ አያስቅም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ዛሬ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። መኪናው ከኋላው ሸራ ለብሷል። «በድሮው ዋጋ የተቀዳ ነው፤ እንዲሁ አላቃጥለውም፤ እስኪ ሸኘኝ» ብሎ ገባ። ሌሊት ቦቴ ገብቶለት ኖሮ ማደያው ወና ነው፤ በአምስት ደቂቃ ቀዳሁ። በአዲሱ ዋጋ ሂሳብ ስከፍል ጎረቤቴ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

«ምን ነው ወንድሜ፣ ትናንት ማታ ብትቀዳ ኖሮ?»