አምፖል ለማብራትም ኢንተርኔት?

ትናንት ማታ ለፊልም ብዬ የሳሎኑን መብራት በስልኬ አደብዝዤው ነበር። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አምፖሉም እንደደበዘዘ ቀረ። ኤሌክትሪክ አለ። አምፖሉ ደህና ነው። ስልኬ ላይ ግን አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ «ከሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም»። የምን ሰርቨር? እኔ ያለሁት አምፖሉ ሥር! ግድግዳው ላይ አጥፍቼ ባበራውም ያው ድብዝዝ። ትእዛዜ ሰው አገር ያለ ኮምፒውተር ደርሶ ካልተመለሰ አይሠራም። ምን የሚሉት አሠራር ነው?

በቃ፣ መረረኝ። ድምፅ ማጉያው አካውንት ክፈት ይላል። መጋረጃው አካውንት ክፈት ይላል። ለመጋረጃ!

ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ የማን ነው? የእኔ ከሆነ ለምን በሌላ ሰው ፈቃድ ይበራል? ኩባንያው ሰርቨሩን ቢዘጋስ? ይዘጋል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2016 ኔስት የተባለው ኩባንያ ሪቮልቭ የሚባለውን የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ አገልግሎት አቋረጠ፤ ሰው 300 ዶላር ያወጣበት መቆጣጠሪያ ከጥቅም ውጪ ሆነ። በ2022 ደግሞ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የሚሸጠው የኢንስቲዮን ኩባንያ ሰርቨሮች በድንገት ጠፉ፤ ደንበኞቹ አፕሊኬሽኑን ሲከፍቱ ነው የሰሙት።

ሌላ መንገድ ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ዕቃዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት ዚግቢና ማተር የሚባሉት አሠራሮች ቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ብቻ መሥራት ይችላሉ። ታዲያ ለምን ያስሩናል? ቢያንስ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፉልን፦ «ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»። አውቀን እንግዛ፣ ወይ እንተወው።