ባዋጣነው መንገድ የጨመረው የቤት ግብር

ባለፈው ሐምሌ የቤት ግብር ልከፍል በወረዳችን ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆሙት ጡረተኛ መምህር ከመስኮቱ ማዶ ከተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ጋር የተለዋወጡት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ትሑት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ቤትዎ እኮ መንገድ ዳር ነው፤ ግምቱ ከፍ ያለው ለዚያ ነው» አላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ልጄ፣ መንገዱን ማን ያነጠፈው ይመስልሃል?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ጥቂት ዝም አለና «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ ወረቀታቸውን መለሰላቸው። እኔ ግን ጉዳዩ አንድ ነው ባይ ነኝ።

የምንኖረው ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ሊጀምር ሲል ባለው ዳርቻ ነው። አብዛኞቻችን በ1990ዎቹ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ቦታ ስንረከብ አካባቢው ማሳ ነበር። ማሳው የማን እንደ ነበረና ገበሬው ምን ተሰጥቶት እንደ ተነሳ ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ባላነሳውም አልረሳሁትም። ክረምት ሲገባ ከቤት የምንወጣው ቦት ጫማ አድርገን፣ የሥራ ጫማችንን በፌስታል ይዘን ነበር። መብራት የገባልን ለምሰሶውና ለትራንስፎርመሩ አዋጥተን ነው። ውሃ የገባልንም ቦዩን ራሳችን ቆፍረን፣ የቧንቧውን ዋጋ በየቤቱ ተካፍለን ነው። ኮብልስቶኑ ደግሞ የነዋሪው ድርሻ ባንክ ካልገባ ሥራው አይጀመርም ስለ ተባለ፣ ኮሚቴ መርጠን ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሰበሰብን። አንዲት ጎረቤታችን የዕቁብ ዕጣዋን ለምና አስቀድማ እንደ ከፈለች፣ አንዳንዱም በዚያ ዓመት ለፋሲካ በግ ሳይገዛ እንደ ዋለ አውቃለሁ። ገንዘብ ያዡ ይጽፍበት የነበረው ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ዛሬም አለ፤ ማን መቼ ስንት እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ዘገየ፣ አቅም ያጣው ማን እንደ ሆነና ድርሻውን እነማን እንደ ሸፈኑለት ሁሉ ሰፍሮበታል። ከዚያ ደብተር የበለጠ ግልጽ የሆነ የመንግሥት ሒሳብ በበኩሌ አይቼ አላውቅም።

የንብረት ታክስ በየአገሩ የሚደገፍበት ዋነኛው ምክንያት፣ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ መንገድ ሲሠራና ውሃ ሲያስገባ የባለይዞታው መሬት ያለ ልፋቱ ስለሚወደድ፣ ከዚያ ጥቅም ጥቂቱ ወደ ሕዝብ ካዝና ይመለስ የሚል ነው። ይህ ክርክር ተገቢ ነው፤ ከመሀል ከተማ በአስፋልት ዳር ሕንፃ ላለው ሰው ስነግረው አፌን ሞልቼ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ዋጋውን ከፍ ያደረገው ከኪሳችን የወጣው መዋጮ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋው ከፍ በማለቱ ደግሞ እንደገና እንከፍላለን። መዋጮው በፈቃደኝነት ነበር ሊባል ይችላል፤ ግን ጭቃው ውስጥ ለመቅረት ፈቃደኛ ካልሆነ ሰው የሚጠየቅ ፈቃደኝነት ምን ዓይነት እንደ ሆነ የከተማ ዳር ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

መዋጮው በዚያ ቢያበቃ ባልከፋ። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ስለሚመጣ፣ ሮቶ ያልሰቀለ ቤት የለም፤ ፈረቃው ሲዛባ በቦቴ እናስመጣለን። የፍሳሽ መስመር ስለሌለ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና የምንከራየው በራሳችን ነው። የሌሊት ጥበቃ በየወሩ ይከፈላል። የመንገድ መብራት የምንለው በየአጥሩ የተንጠለጠለውን፣ ከየቤቱ ቆጣሪ የሚቆጥረውን አምፖል ነው። የጽዳት አገልግሎት ክፍያውም ከውሃ ቢል ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ግን የመጡ ሳምንት ይመጣሉ፣ ያልመጡ ሳምንት የሉም።

ይህን ስል የቀድሞው ግብር ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር እያልን የምንጠራው ክፍያ መሠረቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው፤ ያም አዋጅ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ነበር። አገር ሲለወጥ፣ ብር ሲረክስ፣ ከተማው ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ አቃቂን አልፎ ሲሄድ የቤቶቹ ግምት ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆሞ ቀረ። የከተማው አስተዳደር በ2015 ግምቱን ሲከልስ ጩኸቱ የበረታው ጭማሪው ከመብዛቱም በላይ የብዙ ዓመት ዕዳ በአንድ ቀን የተጠየቀ ስለ መሰለ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት የከፈልኩት የዓመት ግብር በበጋ ለአንድ ቦቴ ውሃ ከማወጣው ያነሰ ነበር፤ ይህን ደብቄ ስለ ግብር መክበድ ባወራ ማንም ሊያምነኝ አይገባም።

አሁን የመጣው ግን ሌላ ስሌት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መነሻ የሚያደርገው የንብረቱን ዋጋ ነው። እርግጥ ነው፣ ታክሱ የሚሰላው በሙሉ ዋጋው ሳይሆን በ25 በመቶው ላይ ስለ ሆነ፣ በየሻይ ቤቱ እንደሚወራው ቤት የሚያሸጥ አይደለም። ችግሩ ዋጋ የሚባለው ነገር ራሱ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲሰቀል የቤታችንም ዋጋ አብሮ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፣ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፣ የባለቤቱም ጡረታ በዚያ ልክ አላደገም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ ካልሸጠው በቀር ያ ዋጋ ለባለቤቱ እንጀራ አይሆነውም፤ ቢሸጠውስ የት ሊገባ ነው? አንዳንዱ ሰርቪስ ቤቱን አከራይቶ ይደጎማል። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ጭማሪውን በዓመት አንድ ጊዜና በተወሰነ መጠን ብቻ ስለፈቀደ ግብሩን እንዳሻው ወደ ተከራይ ማዞር አይችልም፤ ይህ ለተከራዩ መልካም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን ጭማሪው በማን ትከሻ ላይ እንደሚቀር ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚህም ምክንያት ይዞታችን ለልማት ሲፈለግ ካሳ የሚታሰበው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በቦታው ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ይገመታል፣ ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል፣ የመፈናቀያ ድጋፍ ይኖራል፣ ቦታው በገበያ የሚያወጣው ገንዘብ ግን ከቁጥር አይገባም። ለታክስ ሲሆን ደግሞ ያው ቦታ ከአደባባይ ያለው ርቀት፣ የመንገዱ ስፋትና የሰፈሩ ደረጃ ሁሉ ይመዘንና ዋጋ ይወጣለታል። አንድ መንግሥት አንዱን ካርታ ሲቀበል በገበያ ሚዛን፣ ሲከፍል በብሎኬትና በቆርቆሮ ሚዛን ሊመዝነው አይገባም። ግብሩ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ካሳውም በገበያ ዋጋ ይሁን፤ ካሳው የግንባታ ወጪ ነው ከተባለ ግብሩም በዚያው ይመዘን። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልን፤ ሁለቱንም እንደ አመቺነቱ መያዝ ግን ፍትሕ አይደለም።

ገንዘቡስ የት ይሄዳል? የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ወደ 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ230 ቢሊዮን በላይ፣ በ2018 ደግሞ ከ350 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ ጸድቋል። የዋጋ ንረቱን ቀንሰን እንኳ ብናየው ትልቅ ዕድገት ነው፤ የሚሰበሰበውም ከእኛው ነው። የኮሪደር ልማቱን ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። ልጆቼን ይዤ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በሰፊው የእግረኛ መንገድ በምሽት ስሄድ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ያለኝ መሆኑን መካድም አልፈልግም። ግን ከዚያ ምሽት በኋላ በታክሲ አያት ደርሰን፣ ከአያት በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ መብራቱ አለቀ፤ ትንሹ ልጄም «አዲስ አበባ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። በካርታ ካየነው አያልቅም፤ ግብሩም የሚከፈለው አዲስ አበባ ነው ተብሎ ነው።

በወረዳችን ደረጃ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ከወረዳው ግቢ ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ ቦይ ከተደረመሰ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ በየስብሰባው አንስተነዋል፣ «በጀት ተይዞለታል» ተብለናል። በዚያው ጊዜ ውስጥ የግቢው አጥር ፈርሶ እንደገና ተሠራ፣ በሩም በእብነ በረድ ተለበጠ። የአጥሩ ወጪ ከቦዩ ይብለጥ ይነስ መጠየቂያ ቦታ የለኝም፤ ምሬቴም ከዚህ ይጀምራል። የሦስት መቶ አባወራ መዋጮ በአንድ ደብተር ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ፣ የወረዳ ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአንድ ገጽ የማይለጠፍበት ምክንያት አይገባኝም። ሰሌዳው አለ፤ የስብሰባ ጥሪና የጠፋ መታወቂያ ይለጠፍበታል።

ይህን የሚጠይቅልን የወረዳ ምክር ቤት ነው ይባላል። የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ፤ በ2013 አዲስ አበባ ድምፅ የሰጠችው ለከተማው ምክር ቤትና ለፌዴራሉ ፓርላማ ነበር። ስለዚህ ደጃችን ስላለው ቦይ የሚጠየቀው የመንግሥት እርከን በድምፃችን ሳይታደስ፣ የሚከፈለው ግብር ግን ሁለት ጊዜ ታድሷል። ሰው ግብር ሲጨመርበት የሚመረረው ብሩ ስለሚያመው ብቻ አይመስለኝም፤ ለመጠየቅ የሚሄድበት በር ስለሚያጣም ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ነዋሪው በሕጋዊ ደረሰኝ ያዋጣው የመንገድ፣ የውሃና የመብራት ገንዘብ ከሚመጡት ዓመታት የንብረት ታክስ እየተቀነሰ ይታሰብለት፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ያ መዋጮ ያመጣው የዋጋ ጭማሪ ከግምቱ ውጪ ይደረግ። ከየወረዳው ከሚሰበሰበው የቤት ግብር የተወሰነ ድርሻ እዚያው ወረዳ ላይ እንዲውል በደንብ ይጻፍ፣ ምን ላይ እንደ ዋለም በየሩብ ዓመቱ በዚያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በጡረታ ብቻ ለሚኖርና ሌላ ቤት ለሌለው ሰው ደግሞ ግብሩ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪተላለፍ ድረስ ያለ ቅጣት ይቆይለት፤ መንግሥት ገንዘቡን አያጣም፣ ሽማግሌውም በእርጅናው ከሠራው ቤት አይወጣም። ግምቱን የሚያወጣው ባለሙያም ቢሮ ተቀምጦ ሳይሆን ሰፈሩ መጥቶ፣ ያገኘው መንገድ በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ ጠይቆ ይመዝግብ።

መምህሩ የዚያን ቀን ከፍለው ነው የሄዱት፤ ያውም ሲስተም የለም ተብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው። ኋላ ቤታቸው ሻይ ሲጋብዙኝ ከካርታቸው ጋር በአንድ ፌስታል ያስቀመጧቸውን ደረሰኞች አወጡልኝ፤ የምሰሶው፣ የቧንቧው፣ የኮብልስቶኑ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ደብዝዟል። ፎቶ ኮፒ አስደርገው በሚመጣው ሐምሌ ለዚያው ልጅ ሊያሳዩት ነው። እኔም የራሴን መፈለግ ጀምሬአለሁ፤ የውሃውን እስካሁን አላገኘሁትም።