ከፍቺ በኋላ ቀለብ ለምን አይኖርም?

ስለ ፍቺ ሲወራ ሁሉም የሚያውቃት አንድ ነገር አለች፦ ንብረት እኩል ይካፈላል። እውነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በማንም ስም ቢመዘገብ የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበርና ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ችግር የሚመጣው የሚካፈል ነገር ሲጠፋ ነው።

እንበልና ባል ባንክ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ሚስት ሥራዋን ተወች። የሞግዚቱ ክፍያ ደመወዟን ሊጨርሰው ሆነ፤ ተመካከሩና እሷ ቤት ዋለች። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ቤቱ የኪራይ ነው። እሱ በዚህ መሃል ማስተርሱን ይዟል፣ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ሲፋቱ ምን ይካፈላሉ? ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን። ትዳሩ ያፈራው ትልቁ ሀብት ግን የእሱ ዲግሪና የሥራ ልምድ ነው። ይህን ማን ያካፍለዋል? እሷ በበኩሏ የአሥራ ሁለት ዓመት ክፍተት ያለበት ሲቪ ይዛ ሥራ ፍለጋ ትወጣለች።

ቀለብስ፣ አንዱ ለሌላው መተዳደሪያ የሚከፍለው ገንዘብ? ክርክሩ እስኪያልቅ አለ። የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት። የቀለቡ ልክ የሚታየው በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ሰጪው ደመወዝተኛ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይመጣል። ነጋዴ ከሆነ ግን ጉድ ነው። ትናንት መርካቶ ሱቅ የነበረው ሰውዬ ዳኛ ፊት ሲቆም ድንገት ከስሮ ቁጭ ይላል።

ፍቺው ሲወሰን የልጆቹ ቀለብ ይቀጥላል። የእሷ ግን ያበቃል። ሕጉ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ከፍቺ በኋላም ቀለብ ይከፈል የሚል ግልጽ ድንጋጌ የለውም። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ዳኛው ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ካሳ የጥፋት ዋጋ ነው። ማንም ሳያጠፋ የፈረሰ ትዳር ሞልቷል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን ሲፋቱ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ዳኛው ትዳሩ ስንት ዓመት ቆየ፣ ማን ምን አዋጣ፣ ጠያቂው ራሱን እስኪችል ምን ያህል ጊዜና ሥልጠና ያስፈልገዋል ብሎ ይመዝናል። ብዙውን ጊዜ ከፍቺ በኋላ ለተወሰነ ዘመን ቀለብ እንዲከፈል ያዛል። የዕድሜ ልክ ጡረታ አይደለም።

እኛም ይሄ ያስፈልገናል ባይ ነኝ። «ወንዱን ሊበሉት ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ቤት የዋለው ባል ከሆነ እሱም ይጠይቅ፤ ጾታ አይለይም። በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ማስተዳደር አይቻልም የሚለው ግን ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ለዚህም ነው አቅም የሚታየው፤ የሌለው አይከፍልም። ጠያቂዋ ስታገባ ወይም ሥራ ስትይዝ ደግሞ ይቁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባልና ሚስት በፍቺ ጊዜም እኩል መብት ሰጥቷል። የሶፋ ግማሽ ይህን እኩልነት ይሞላል ብዬ አላምንም።

ሕጉ እስኪሻሻል ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ የፍቺ ማመልከቻ ሲገባ የጊዜያዊ ቀለቡ ጥያቄም አብሮ ይግባ፤ «ቆይ ይደርሳል» እየተባለ ወራት ያልፋል። ሁለተኛ፣ በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች የፍቺውን ውጤት ራሳቸው ተስማምተው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። እዚያ ስምምነት ላይ «ለሁለት ዓመት በየወሩ ይህን ያህል ብር» የሚል መስመር ማስገባት ይቻላል። ሽማግሌዎች ሲያደራድሩ ስለ ዕቃው ከመጨቃጨቃቸው በፊት ይህችን ቢያነሱ ጥሩ ነው።