የሰው ልጅ አደራ፦ ከካምብሪጅ እስከ ስድስት ኪሎ

በ2017 ግንቦት አጋማሽ እዚህ ቦስተንና ካምብሪጅ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው ሃርቫርድ ነበር። ግንቦት 14 የትራምፕ አስተዳደር ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪ የሚቀበልበትን ፈቃድ ሰረዘ። 6,800 ገደማ ተማሪ፣ ከጠቅላላው ሩብ የሚያህል፣ ወይ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልግ ወይ አገር ልቀቅ ተባለ። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ከሰሰ፤ ዳኛዋ አሊሰን በሮውስም ቀኑ ሳይመሽ እርምጃው እንዳይፈጸም አገዱ። በዚያው ሰሞን በተካሄደው ምረቃ ፕሬዚዳንቱ አለን ጋርበር ከመላው ዓለም የመጡትን ተመራቂዎች ጠቅሰው፣ መሆን ያለበትም እንደዚሁ ነው ሲሉ ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ሃርቫርድ ይህን ያደረገው ለፍቅር ብቻ ነው አልልም። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ከፋይ ነው፤ ቤተ ሙከራውንም የሚያንቀሳቅሱት የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። ቢሆንም ከገዛ መንግሥቱ ጋር ችሎት ቆሞ የሰው ልጅ አደራ አለብኝ ማለት ቀላል አይደለም።

እኛስ? በ1950 አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ልጆቹ አዲስ አበባ መጡ። ከፖለቲካ ጋር አብረው ያደጉ ስለነበሩ የኛዎቹ በሹክሹክታ የሚሉትን እነሱ ጮክ ብለው ያወራሉ፤ የተማሪውን ንቅናቄ ካነቃቁት መካከል ይቆጠራሉ። ንጉሡ የጋበዟቸው እንግዶች ለዙፋኑ አልተመቹም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ እንግዳ የሚባለው ከሌላ ክልል የተመደበው ልጅ ነው። በ2012 ወልድያ ላይ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩት ሲታገቱ፣ ብዙ ሺህ ተማሪ ጊቢውን ጥሎ ወላጁ ጋ ገባ። ያኔ ተማሪዎቼን ጠብቅልኝ ብሎ መንግሥትን ፍርድ ቤት ያቆመ ዩኒቨርሲቲ አላየሁም። ደግሞስ ፕሬዚዳንቱን የሚሾመው፣ በጀቱን የሚቆርጠው፣ ተማሪውን የሚመድበው አንድ አካል ሲሆን ማን ማንን ይከሳል? አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ተብሏል። እስካሁን ግን በብዛት የምንሰማው ስለ ክፍያው ነው።

የሃርቫርድ ጉልበትም ቢሆን ሽሮ ሜዳ የአሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ ያበቃል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለ3 ወር፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። አባቱ የሞተበት ልጅ ለለቅሶ ከሄደ፣ ለመመለስ እንደ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲው ይህን በክስ አላስቀየረም።

ስለዚህ ከአገር ቤት እየደወሉ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል ለሚሉኝ ዘመዶቼ ልጆች የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ከማመልከታችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉ፤ ቪዛ ብከለከል ቦታዬንና ስኮላርሺፑን ለዓመት ታቆዩልኛላችሁ ወይ በሉ። መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።